ልብን በእግዚአብሔር ፊት ማፍሰስ፦ ሐዘንን፣ ቁጣንና ጥርጣሬን ሳይደብቁ ለመጸለይ

ብዙ ሰው ለጸሎት ሲቆም የመጀመሪያ ሥራው ፊቱን ማስተካከል ነው። ቀኑን ሙሉ ሲነድ የዋለ ሰው ድምፁን አለዝቦ «ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን» ይላል። ልጇን ቀብራ የተመለሰች እናት «አንተ ታውቃለህ» ትልና ከዚያ ወዲያ ያለውን ሆድ ይፍጀው ብላ ትተወዋለች። ምስጋናው ክፉ ሆኖ አይደለም። ነገር ግን ያ ሁሉ ንዴትና ሐዘን ከጸሎቱ ውጭ ከቀረ፣ እግዚአብሔር ፊት የቀረበው ከእኛ ጥቂቱ ብቻ ነው። የቀረው ሌሊት እንቅልፍ ይነሣናል፤ ወይም በማግስቱ ጥፋት በሌለባቸው ልጆቻችን ላይ ይወጣል።

ይህ መመሪያ ያንን የቀረውን ክፍል ወደ ጸሎት ማምጣት ለሚፈልግ ክርስቲያን የተጻፈ ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ወንጌላዊውም ሊጠቀምበት ይችላል፤ መሠረቱ ሁላችንም የምንጸልይበት መዝሙረ ዳዊት ነውና።

በቅድሚያ፦ ማጉረምረምና አቤቱታ አንድ አይደሉም

ሰውን ከሁሉ በፊት የሚያስረው ፍርሃት ነው። «እግዚአብሔርን አታማርር፣ የባሰ አለ» እየተባልን አድገናል። ምክሩ መሠረት አለው፤ እስራኤል በምድረ በዳ ባጉረመረሙ ጊዜ የደረሰባቸውን ማን ይረሳል? ነገር ግን ኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 11ን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። በዚያ በአንዱ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት ምሬት አለ። ሕዝቡ እያንዳንዱ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ የግብፅን ዓሣና ሽንኩርት እያነሣ ያለቅሳል። ሙሴ ደግሞ ወደ እግዚአብሔር ዞሮ «ይህን ሁሉ ሕዝብ እኔ ፀነስሁትን? እኔ ወለድሁትን? ብቻዬን ልሸከመው አልችልም፤ እንዲህስ ከምታደርግብኝ ግደለኝ» የሚል ቃል ይናገራል። በቃል ቃል ከመዘንነው የሙሴው ይብሳል። ሆኖም ሕዝቡ ተቀጣ፤ ለሙሴ ግን ሸክሙን የሚካፈሉ 70 ሽማግሌዎች ተሰጡት። ሕዝቡ እግዚአብሔርን በሌለበት እንደሚያሙት ሰው እርስ በርሱ አማው፤ ሙሴ የከበደውን ለራሱ ለእግዚአብሔር ነገረው። በዚህ መመሪያ ውስጥ ያለው እርምጃ ሁሉ ከዚህ አንድ ልዩነት ይነሣል፦ ስለ እርሱ የምናወራውን ለእርሱ መንገር።

ኢዮብንም ተመልከቱ። የተወለደበትን ቀን ረግሟል፤ ከእግዚአብሔር ጋር ለመሟገት ፈልጓል። ሊያጽናኑት የመጡት ወዳጆቹ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆመው ያማረ ትምህርት አስተማሩ። በመጽሐፉ ፍጻሜ፣ በ42ኛው ምዕራፍ፣ እግዚአብሔር የተቆጣው በወዳጆቹ ላይ ነው፤ እንደ አገልጋዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ይህን ቃል ለሐዘንተኛ ምክር ለመስጠት የምንቸኩል ሁላችን ልናስታውሰው ይገባል።

ዳዊት የሚደግም ምእመን ደግሞ እነዚህን የምሬት ቃላት ከልጅነቱ ጀምሮ በአፉ ይዟቸዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ሲደገም የሰኞ ድርሻ ከ1 እስከ 30 ያለው ነው። ስለዚህ በየሰኞው «እስከ ማእዜኑ» የሚለው 12ኛው መዝሙር ይደገማል፤ ክርስቶስ በመስቀል ላይ «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» ብሎ የጮኸበት 21ኛው መዝሙርም ይደገማል። ከ150ዎቹ መዝሙሮች ሲሶ ያህሉ እንዲህ ያሉ የልቅሶና የአቤቱታ ጸሎቶች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ሁሉ በአፋችን ያኖረችው እንድንለው ነው።

ስለ ቁጥሩ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የግእዙ ዳዊት የሰብዓ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር ስለሚከተል፣ ከ10 እስከ 147 ባሉት መዝሙሮች በአብዛኛው ከዕብራይስጡ አቆጣጠር በአንድ ያንሳል። ከዚህ በታች አስቀድሜ የምጽፈው የግእዙን ነው፤ በቅንፍ ያለው የዕብራይስጡ ነው።

አንደኛ፦ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ፈልጉ

ልብን ማፍሰስ ከሰው ጆሮ መራቅን ይጠይቃል። አራት አምስት ሆኖ በአንድ ክፍል ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ቅጽር በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ጸጥ ይላል፤ ከግንቡ ወይም ከዛፉ ሥር ተጠግቶ ለሚያለቅስ ሰው ማንም ምን ሆንክ አይለውም፤ አልፎት ይሄዳል። ይህ የአገራችን ትልቅ ጸጋ ነው። በእግር መሄድም ይረዳል። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት የራሷ ክፍል ላይኖራት ይችላል፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ብትጸልይ ያ ቦታ የጸሎት ቦታዋ ነው።

የዘወትር ጸሎታችሁን አትተዉ። በስመ አብ ብላችሁ፣ አባታችን ሆይ ደግማችሁ፣ የለመዳችሁትን ከጨረሳችሁ በኋላ የራሳችሁን ቃል ጀምሩ። ሩብ ሰዓት ይበቃል። ስልኩን ሌላ ክፍል ተዉት፤ ልብ መከፈት ሲጀምር እጅ ወደ ስልክ መሄዱ የተለመደ ነውና።

ሁለተኛ፦ ስሜቱን በስሙ ጥሩት

«ደስ አላለኝም»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ደብሮኛል» የሚሉት ቃላት ሰፊ ናቸው፤ ከሥራቸው ብዙ ነገር ይደበቃል። ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ። ፍርሃት ነው? ሐፍረት ነው? ቁጭት ነው? የታናሽ ወንድሜ ቤት መሥራት ያመጣብኝ ቅናት ነው? በእናቴ ላይ የያዝኩት ቂም ነው? ብዙ ጊዜ ከላይ ቁጣ ሆኖ የሚታየው ከሥር ሐዘን ነው፤ ወንዶች ላይ በተለይ እንዲህ ይሆናል፤ እንዲቆጡ ተፈቅዶላቸው እንዲያለቅሱ አልተፈቀደላቸውምና።

ቃል ከጠፋ ከሰውነታችሁ ጀምሩ። መዝሙረኛው እንዲሁ ያደርጋል፤ በ6ኛው መዝሙር አልጋው በእንባ ይርሳል፣ በ31ኛው (32) አጥንቱ ያረጃል፣ በ68ኛው (69) ከመጮኹ ብዛት ጉሮሮው ይደርቃል። «አቤቱ፣ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል፤ ከጠዋት ጀምሮ እጄ ይንቀጠቀጣል» ማለት ሙሉ ጸሎት ነው።

ሦስተኛ፦ መዝሙር ተዋሱ

የራስ ቃል ሲያጥር የመዝሙሩን ቃል መዋስ ይቻላል። ወዳጅ የከዳው ሰው 54ኛውን (55) ይክፈት፤ የሰደበኝ ጠላት ቢሆን በታገሥሁ ነበር፣ አንተ ግን ወዳጄ ነበርህ የሚለው እዚያ ነው። በክፉዎች መበልጸግ ልቡ የቆሰለ 72ኛውን (73) ያንብብ። ጥፋቱ የከበደው ሰው 50ኛውን (51)፣ «ተሣሃለኒ» የሚለውን፣ ያውቀዋል። እግዚአብሔር ምሕረቱን ረሳን የሚለው ጥያቄ 76ኛው (77) ላይ አለ። ነፍሱ የተከዘችበት ደግሞ 41ኛውንና 42ኛውን (42 እና 43) አያይዞ ይድገም።

አንዱን ምረጡና ድምፅ አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ልባችሁን የነካ ቁጥር ላይ ስትደርሱ ቁሙ፤ እሱኑ ደጋግሙት። መዝሙሩን መጨረስ ግዴታ አይደለም። በዘወትር ጸሎታችሁ መላውን የቀኑን ድርሻ የምታደርሱ ከሆነ እሱን እንደ ልማዳችሁ አድርሱ፤ ይህኛው ከዚያ የተለየ ጊዜ ነው።

አራተኛ፦ በ12ኛው (13) መዝሙር መንገድ የራሳችሁን ጸሎት ጻፉ

ከሁሉም እርምጃ እጅግ የምመክረው ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ይህ መዝሙር ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች «እስከ መቼ» እያለ ይጮኻል፦ እስከ መቼ ትረሳኛለህ፣ እስከ መቼ ፊትህን ትሰውርብኛለህ። በመካከለኞቹ ሁለት ይለምናል፦ ተመልከተኝ፣ ስማኝ፣ ዓይኖቼን አብራ። በመጨረሻዎቹ ሁለት በምሕረትህ ታምኛለሁ ይላል። ሦስቱንም ክፍል በራሳችሁ ቃል ሙሉት። ለምሳሌ በሰው አገር ተቀጥራ ደመወዝ የተያዘባት እህት እንዲህ ልትጸልይ ትችላለች፦

«አቤቱ፣ እስከ መቼ? አምስት ወር ሠርቼ አንድ ሳንቲም አልተከፈለኝም። ወር ሲያልቅ ማዳም ‹የሚመጣው ወር› ትለኛለች። እናቴ ስትደውል የቤት ኪራይ እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ስልኩን ዝም አሰኘዋለሁ፤ ከዚያ ሌሊቱን ስለዚያ አለቅሳለሁ። የማዳም ልጆች ሲስቁ ስሰማ እጠላቸዋለሁ። አንተስ ታየኛለህ? ታየኝ ከነበረ ለምን ዝም አልክ?

አምላኬ፣ ተመልከተኝ። ደመወዜን እንድትሰጠኝ ልቧን አራራልኝ። ለእናቴ እውነቱን ለመናገር ድፍረት ስጠኝ። ለቆንስላው የምናገርበትን መንገድ ክፈትልኝ። ጥላቻዬ ልቤን ከመብላቱ በፊት ድረስልኝ።

ከአገሬ ስወጣ አንተን ይዤ ወጥቻለሁ። ዛሬ ልቤ አያምንም፤ ነገር ግን ከአንተ ሌላ የምነግረው የለኝም።»

በዚህ ጸሎት ውስጥ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አቤቱታው ዝርዝር ነው፤ ወሩ፣ ስልኩ፣ ሳቁ ሁሉ አለበት። ጥላቻዋን አልሸሸገችም። ልመናዋም «ሁሉን ነገር አስተካክልልኝ» የሚል የጅምላ ልመና አይደለም፤ ነገ ልታደርጋቸው የሚገቡትን ነገሮች ይጠራል። የመተማመኛው ክፍል ደግሞ አጭርና እውነተኛ ነው። በልቧ ያላመነችውን በቃል አምናለሁ አላለችም። የታመመ ልጁን ይዞ ወደ ኢየሱስ የመጣው አባት በማርቆስ ወንጌል 9፥24 «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለው እንዲህ ባለ ጸሎት ነው፤ ልጁም ተፈወሰለት።

ከላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች ካለቁ በኋላ ሦስተኛው ዛሬ እምቢ ካለ፣ ባዶውን ተዉት። 87ኛው (88) መዝሙር ከጨለማ ተነሥቶ በጨለማ ያልቃል፤ አንድም የተስፋ ቁጥር በመጨረሻው አልተጨመረበትም። እንዲያም ሆኖ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ጸሎት ተብሎ ተቀምጧል።

አምስተኛ፦ ቁጣንና በቀልን በፊቱ አራግፉ

በደለኛችሁ ላይ ያላችሁን ስሜት አሳምራችሁ አታቅርቡ። 108ኛው (109) መዝሙር የበደለኛውን ዕድሜ ማጠር ይለምናል፤ 136ኛው (137) በባቢሎን ላይ የሚናገረው ቃል ሲነበብ ያስደነግጣል። እነዚህን መዝሙሮች አንዳንዱ ሰው በኀፍረት ያልፋቸዋል። እኔ ግን የተሰደደ፣ የተዘረፈ፣ የተደፈረ ሰው ያለ እነርሱ እንዴት ሊጸልይ እንደሚችል አላውቅም። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ጦርነት ቤቱ የተቃጠለበት፣ ዘመዱ የተገደለበት ሰው ብዙ ነው። ለዚህ ሰው «ይቅር በል» የሚለውን ብቻ አቅርበን በውስጡ ስለሚነደው እሳት ዝም ብንል፣ እሳቱን የሚወስድበት ቦታ አጥቶ ወደ ጠመንጃ ወይም ወደ ልጆቹ ይወስደዋል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። የተደረገባችሁን በግልጽ ተናገሩ፤ ማን እንዳደረገው በስሙ ጥሩት። እንዲሆንበት የምትመኙትንም ሳትሸሽጉ ተናገሩ። ከዚያ «በቀል የእኔ ነው» ያለውን ጌታ ቃል ይዛችሁ (ወደ ሮሜ ሰዎች 12፥19) ፍርዱን አስረክቡ። «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» የሚለው የአገራችን ቃል እውነት የሚሆነው እጃችንን ስንመልስ ነው። ስም ማጥፋቱን፣ ማሳደሙን፣ መሸመቁን ይዘን ሰጠሁ ብንል ገና አልሰጠንም። ሕግ ፊት የሚቀርብ በደል ከሆነ ደግሞ መክሰስ በቀል አይደለም፤ ክሱንም ጸሎቱንም አብራችሁ ያዙ።

ይቅርታ ከዚህ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ምናልባትም ብዙ ጊዜ ቆይቶ። በመጀመሪያው ቀን ከራሳችሁ አትጠብቁት።

ቁጣው በእግዚአብሔር በራሱ ላይ ከሆነም መንገዱ ያው ነው። ኤርምያስ በ20ኛው ምዕራፍ አታለልኸኝ ብሎታል። ዮናስ እስከ ሞት ድረስ መቆጣቴ ተገቢ ነው ብሎ መልሶለታል፤ እግዚአብሔርም በጥያቄ አነጋገረው እንጂ አልጣለውም። የአልዓዛር እህቶች ማርታና ማርያም ሁለቱም በየተራ «ጌታ ሆይ፣ አንተ በዚህ ሆነህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አሉት። ወቀሳ ነው። ኢየሱስም የሚያደርገውን እያወቀ ከእነርሱ ጋር አለቀሰ።

ስድስተኛ፦ ተናግራችሁ ስትጨርሱ ወዲያው አትነሡ

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ግን አይዘለል። ዕንባቆም «እስከ መቼ እጮኻለሁ» ካለ በኋላ በምዕራፍ 2 መጠበቂያዬ ላይ እቆማለሁ፣ የሚለኝን አያለሁ ይላል። እናንተም አምስት ደቂቃ ያህል ዝም በሉ። ድምፅ ወይም ራእይ አትጠብቁ። ትንፋሻችሁ ይረጋጋ፤ እንባው ይድረቅ። የሰው ስም ወይም መደረግ ያለበት ነገር ትዝ ካላችሁ ጻፉት።

የሐናን ታሪክ እዚህ ላይ በቅርበት ማየት ጥሩ ነው (1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1)። በየዓመቱ ወደ ሴሎ ሲወጡ ጣውንቷ ታስቆጣታለች፤ እሷም ታለቅሳለች፣ እህል አይቀምሳትም። ባሏ ሕልቃና «ከዐሥር ልጆች እኔ አልሻልሽምን?» ይላታል፤ በቅንነት ነው፤ ሐዘኗን ግን አልነካውም። ተነሥታ በመቅደሱ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እሷም አልሰከርኩም፣ ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስሁ እንጂ አለችው። በ18ኛው ቁጥር ላይ ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አላዘነም። ያን ጊዜ ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም። የተለወጠው ነገር እህል መብላት መቻሏና ፊቷ ብቻ ነበር። ከጸሎታችሁ በኋላ የምትመረምሩት እንዲህ ያለውን ትንሽ ለውጥ ይሁን፤ ምግብ፣ እንቅልፍ፣ የሰው ፊት ማየት።

ምንም የማይሰማ ሲሆን

ለአንዳንዱ ሰው ችግሩ የስሜት ብዛት ሳይሆን ድርቀት ነው። ረጅም የሕመምተኛ ማስታመም፣ ተደጋጋሚ ለቅሶ፣ የረጅም ጊዜ ሥራ አጥነት ልብን ያደነዝዛል። እንዲህ ከሆነ ስሜት ለመፍጠር አትታገሉ። «ደንዝዣለሁ፤ ይህንንም ላንተ ነገርኩህ» በሉ። እንዴት እንደሚጸልይ ለማያውቅ ሰው መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድለታል ይላል ጳውሎስ በሮሜ 8፥26። ነቢዩ ኤልያስም በ1ኛ ነገሥት 19 ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ ባለ ጊዜ እግዚአብሔር አልመከረውም፤ አልገሠጸውም። አስተኛው፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ እንደገና አስተኛው፤ እንደገና አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ለዛሬ ቢተኛ እግዚአብሔርን አላሳዘነም።

ሰው የሚያስፈልግበት ጊዜ

የጸሎቱን ቃል አንድ የታመነ ሰው እንዲያውቀው አድርጉ፤ የንስሐ አባት፣ መጋቢ ወይም ምሥጢር የሚጠብቅ ወዳጅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የሚመረጠው ሰው ሰምቶ ዝም ማለት የሚችል ይሁን፤ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «ይኼማ ምን አላት» ከሚል ሰው ራቁ።

ሁለት ነገር ግን በጸሎት ብቻ እንዲታለፉ አልመክርም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ፣ ወይም ሐዘኑ ሳምንታት አልፎ ሥራና ምግብ እስከ መተው ካደረሰ፣ በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው ተናገሩና ወደ ሕክምና ሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በሌላ ቦታም በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። ሁለተኛው፣ በቤት ውስጥ የምትደበደብ ሴት ናት። ለእሷ የመጀመሪያው የጸሎት መልስ ከዚያ ቤት የሚያስወጣ ሰው ሊሆን ይችላል፤ «ታገሺና ጸልዪ» ብቻ ብሎ የሚመልሳት ሰው ሸክም ይጨምርባታል እንጂ አላገዛትም።

ያንኑ ጸሎት ስንት ጊዜ?

«ይህንኑ ነገር ደጋግሜ ብለምን ከንቱ መደጋገም አይሆንም?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። በማቴዎስ 6፥7 የተነቀፈው በቃል ብዛት እሰማለሁ ብሎ መለፍለፍ ነው። እዚያው ወንጌል ውስጥ በ26ኛው ምዕራፍ ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ አዘነች ብሎ ሦስት ጊዜ ያንኑ ቃል ጸለየ። ጳውሎስም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ። ስለዚህ ልባችሁ ላይ እስካለ ድረስ ድገሙት።

የጻፋችሁትን ጸሎት ቀን አድርጉበትና በማስታወሻ ደብተር ያዙት፤ ሌላ ሰው እንዳያየው ደብቁት። በወሩ መጨረሻ አውጥታችሁ አንብቡት። የተመለሰ ካለ ከሥሩ ጻፉበት። ያልተመለሰ ካለ ከዚያው ቃል ጀምሩ፤ የቀየራችሁት ቃል ካለ አዲሱን ተናገሩ። በደለኛውን የሚመለከተውን ገጽ መቅደድ የምትፈልጉበት ቀን ከመጣ ቅደዱት፤ ያ ቀን ካልመጣም ገጹ በቦታው ይቆይ፣ ጸሎቱ ይቀጥል።